ምናሴ ይቅር ከተባለ፣ የፈሰሰው ደምስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ ወደ ስድሳ የተጠጋ የቤታችን የበኩር ልጅ ነኝ። አባታችን ሲያርፍ ታናናሾቼ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ለሦስታችንም የተተወውን ቤት በእኔ ስም ብቻ አዛውሬ ሸጥኩት፤ ገንዘቡንም ለራሴ ንግድ አዋልኩት። እኅቴ ትምህርቷን አቋርጣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሄደች፤ ወንድሜም ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ብዙ ዘመን ሆነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጠና ታምሜ ከተነሣሁ በኋላ ንስሐ ገባሁ፤ የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜ ሥጋ ወደሙ ተቀበልኩ። ባለፈው ዓመት ፍልሰታ እንደ ተፈታ፣ አገሯ ገብታ ወደምትኖረው እኅቴ ሽማግሌዎች ላክሁ። ቡና አፍልታ በአክብሮት አስተናገደቻቸውና የመጡበትን ጉዳይ ከሰማች በኋላ፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፤ እኔ ግን ገና ነኝ» ብላ ሸኘቻቸው። እኔም ተቆጣሁ። እግዚአብሔር ይቅር ያለኝን እሷ የምትከለክለኝ ማን ናት? ይህን እያሰብኩ ሳለሁ በሰንበት ስብከት ላይ ንጉሥ ምናሴ ያን ሁሉ ክፋት ሠርቶ ንስሐው ተቀባይነት እንዳገኘ ሰማሁና ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ሳገላብጥ ግን በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 24 ላይ ምናሴ ስላፈሰሰው ንጹሕ ደም እግዚአብሔር ይራራ ዘንድ እንዳልወደደ የሚናገር ቃል አገኘሁ። የትኛውን ልመን? ለእኔስ ተስፋ አለኝ?
«የበኩር ልጅ»፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጥያቄዎችዎ አንዱ የመጻሕፍት፣ ሌላው የቤትዎ ጉዳይ ቢመስልም፣ በእኔ አስተያየት መልሳቸው ስለሚገናኝ ከምናሴ ልጀምር።

ምናሴ የደጉ ንጉሥ የሕዝቅያስ ልጅ ነው። ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ባለቀሰ ጊዜ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። ምናሴ ሲነግሥ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ፣ ቁጥሮቹ እንደ ተጻፉ ከተወሰዱ የተወለደው አባቱ በእንባ ባገኘው በዚያ ጭማሪ ዘመን ውስጥ ነው። በኢየሩሳሌም 55 ዓመት ገዛ፤ ከዳዊት ቤት ነገሥታት መካከል ይህን ያህል በዙፋን ላይ የቆየ የለም። በእነዚያ ዓመታት አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች መልሶ ሠራ፤ ለበኣል መሠዊያ አቆመ፤ በቤተ መቅደሱ በሁለቱ አደባባዮች ለሰማይ ሠራዊት መሠዊያ ተከለ፤ በሄኖም ልጅ ሸለቆም ልጆቹን በእሳት አሳለፈ። የነገሥት ጸሐፊ ግን ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ ከጣዖቱ ለይቶ ኢየሩሳሌምን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ድረስ ንጹሕ ደም ማፍሰሱን ያነሣል። የሟቾቹ ስም አልተጻፈም። ትውፊት ግን፣ በአይሁድም ዘንድ በክርስቲያኖችም ዘንድ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ በመጋዝ የተሰነጠቀው በዚህ ንጉሥ ዘመን ነው ይላል። ይህንኑ የሚተርከው ዕርገተ ኢሳይያስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተሟልቶ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው።

እርስዎን ደስ ያሰኘዎት ታሪክ በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 33 ይገኛል። የአሦር ንጉሥ የጦር አለቆች መጥተው ምናሴን በመንጠቆ ያዙት፤ በናስ ሰንሰለትም አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። የአሦር ንጉሥ እስረኛውን ወደ ነነዌ በመውሰድ ፈንታ ስለ ምን ወደ ባቢሎን ይወስደዋል ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ በዚያ ዘመን ባቢሎንም በአሦር ነገሥታት እጅ ስለ ነበረች ጥያቄው ብዙ አያስቸግርም። የአሦሩ ንጉሥ አስራዶን ባስጻፈው የሸክላ መዝገብ ላይ ለነነዌ ቤተ መንግሥት ሥራ እንጨትና ድንጋይ እንዲያስጓጉዙ ከታዘዙት 22 ነገሥታት መካከል የይሁዳው ምናሴ በስሙ ተጠቅሷል። የመንጠቆውንም ነገር የዘመኑ ሥዕል ያስረዳል። በደቡብ ቱርክ ዚንጂርሊ በተባለ ስፍራ የተገኘውና ዛሬ በበርሊን የሚገኘው የአስራዶን ሐውልት፣ ሁለት የተማረኩ ታላላቅ ሰዎች ከከንፈራቸው በተያያዘ ገመድ በንጉሡ እጅ ተይዘው ያሳያል። በ12 ዓመቱ ዘውድ የጫነው፣ በከተማይቱ ያሻውን ሲገድል የኖረው ሰው እንዲህ ባለ አያያዝ ነበር በሌላ ንጉሥ ፊት የቀረበው።

በተጨነቀ ጊዜ ራሱን እጅግ አዋርዶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ተለመነው፤ ወደ ኢየሩሳሌምም ወደ መንግሥቱ መለሰው። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከሁለተኛ ዜና መዋዕል ጋር የሚገኘው ጸሎተ ምናሴ ያን ልመና በሰፊው ያቀርባል። በዚያ ጸሎት ምናሴ ኃጢአቱ ከባሕር አሸዋ እንደሚበዛ፣ ከብረት ሰንሰለቱ የተነሣ ራሱን ቀና ማድረግ እንዳቃተው ይናገራል፤ ንስሐ የተሰጠችው ላልበደሉት ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ ሳይሆን ለእርሱ ለኃጢአተኛው እንደ ሆነም ይመሰክራል። በጸሎቱ ውስጥ አንድም ሰበብ የለም። በልጅነቴ ነገሥኩ፣ አማካሪዎቼ አሳሳቱኝ፣ የአሦር ጫና ከብዶብኝ ነው አይልም፤ የመጨረሻው ሰበብ እውነትነትም ሊኖረው ይችል ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት በሶርያ ምድር እንደ ተጻፈ የሚነገርለት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ፣ ዲድስቅልያም፣ ጳጳሳት ንስሐ የሚገባውን ሰው እንዳያባርሩ ሲያዝዝ በምሳሌነት ያቀረበው ይህንኑ ንጉሥ ነው። ስለዚህ «ተስፋ አለኝን?» ላሉት ምላሹ አጭር ነው፤ አለዎት። ልጆቹን በእሳት ያሳለፈ ሰው ከተሰማ፣ የወንድሞቹን ቤት የሸጠ ሰው አይሰማም ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ነገሥት ቃል እንመለስ። የነገሥት መጽሐፍ የምናሴን ንስሐ ከቶ አይጠቅስም፤ ከዚህም አልፎ በልጅ ልጁ በኢዮስያስ ዘመን አገሪቱ ሁሉ ከተጸዳች በኋላ እንኳ ይሁዳ የወደቀችው ምናሴ ስላፈሰሰው ደም ነው ይላል። ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚያናግሯቸው ሰዎች የተለያዩ መሆናቸውን ማስታወስ ይረዳል። የነገሥት መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ስለ ፈረሰችው ከተማ «ይህ ለምን ደረሰብን?» ለሚሉ ምርኮኞች ይመልሳል፤ ዜና መዋዕል ደግሞ ከምርኮ ለተመለሱት፣ ከአባቶቻቸው ሁሉ የከፋው እንኳ ተመልሶ እንደ ነበር ይነግራቸዋል። ነገር ግን የጸሐፊዎቹን ዓላማ መለየት ብቻውን አያጠግበኝም። ሁለቱንም እንደ ተጻፉ ስናነብ ይቅርታው የተሰጠው ለማን፣ ሳይነሣ የቀረው ደግሞ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። ይቅር የተባለው ምናሴ ነው። በኢየሩሳሌም የፈሰሰው ደም ግን በምናሴ እንባ ወደ ሟቾቹ ሥር አልተመለሰም፤ ባልቴቶቹ ባልቴቶች፣ የሙት ልጆቹም የሙት ልጆች ሆነው ቀሩ። አንድ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ታረቀ ማለት ያደረገው ነገር አልተደረገም ማለት አይደለም።

ምናሴ ራሱ ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ሲመለስ የሠራው ተጽፏልና፤ ከግዮን በስተ ምዕራብ በሸለቆው በኩል እስከ ዓሣ በር ድረስ የዳዊትን ከተማ ውጫዊ ቅጥር ሠራ፤ በዖፌልም ዙሪያ አዞረው፤ በምሽጎቹም ከተሞች የጦር አለቆች አኖረ። ንስሐ ከገባ ንጉሥ የጾምና የማቅ ወሬ የሚጠብቅ አንባቢ ይህን የግንብ ዝርዝር ዘሎት ሊያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ያቺን ከተማ ከውስጥ ያፈረሳት እርሱ ነበር። ከዚያም እንግዶቹን አማልክት፣ በቤተ መቅደሱም ያቆመውን ምስል አወጣ፤ በእጁ ያሠራቸውን መሠዊያዎች ከከተማይቱ ውጭ ጣለ፤ የእግዚአብሔርንም መሠዊያ አቀና። ኃጢአቱ በአደባባይ ስለ ነበረ መመለሱም በአደባባይ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ዝርዝር አለ። ጽሑፉ ከከተማ ውጭ ጣላቸው ይላል እንጂ አቃጠላቸው ወይም አደቀቃቸው አይልም። ልጁ አሞን በ22 ዓመቱ ሲነግሥ አባቱ ላሠራቸው ለእነዚያው የተቀረጹ ምስሎች ሁሉ እንደ ሠዋ፣ አባቱም እንደ ተዋረደ እንዳልተዋረደ እናነባለን። ሁለት ዓመት ገዝቶ አገልጋዮቹ ገደሉት። ምስሎቹን ያደቀቀው፣ ከመቃብሮችም ላይ የበተነው በስምንት ዓመቱ የነገሠው ኢዮስያስ ነው። አባት ዘመኑን ሁሉ ሲያደርግ ልጅ የተማረውን፣ የአባት የመጨረሻ ዓመታት መልካምነት አልነቀለውም። ይህን የማነሣው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም፤ የእኅትዎን «ገና ነኝ» በየትኛው መስኮት እንደሚያዩት ለማመልከት ነው።

የአይሁድ ሊቃውንትም በዚህ ንጉሥ ተከራክረዋል። የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ በሆነው በሚሽና፣ በሳንሄድሪን ክፍል፣ በሚመጣው ዓለም ዕድል የላቸውም ከተባሉት ነገሥታት ከኢዮርብዓምና ከአክዓብ ጋር ምናሴ ሦስተኛው ሆኖ ተቆጥሯል። ረቢ ይሁዳ ግን ጸሎቱ እንደ ተሰማ፣ ወደ መንግሥቱም እንደ ተመለሰ ተጽፏልና ምናሴ ዕድል አለው ብሎ ተከራከረለት፤ ሌሎቹ ሊቃውንት ግን የተመለሰው ወደ መንግሥቱ እንጂ ወደ ሚመጣው ዓለም ሕይወት አይደለም ብለው መለሱለት። እኔ ከረቢ ይሁዳ ጋር ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያንም ጸሎቱን ይዛ መቆየቷ ወዴት እንዳዘነበለች ያሳያል። ሆኖም የተቃወሙትን ሰዎች ማቃለል አልፈልግም። የነቢዩን መጋዝ ያስታወሰ ሕዝብ ገዳዩን በአንድ ጸሎት ለመርሳት ቢያመነታ የሚያስወቅሰው አይደለም።

እንግዲህ ስለ ቁጣዎ። «እግዚአብሔር ይቅር ያለኝን እሷ የምትከለክለኝ ማን ናት?» ብለዋል። እሷ የተበደለችው ናት። ዳዊት በመዝሙር 50 «አንተን ብቻ በደልሁ» ማለቱን ብዙዎቻችን ኃጢአታችንን በእኛና በእግዚአብሔር መካከል ብቻ ዘግተን ለማስቀመጥ እንጠቀምበታለን፤ ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ያስገደለው ኦርዮ ግን በአሞን ልጆች ከተማ ቅጥር ሥር ወድቆ ነበር፤ ነቢዩ ናታንም ለዳዊት «እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም» ባለበት በዚያው ቃል ሰይፍ ከቤቱ እንደማይርቅ ነግሮታል። ዳዊት ይቅርታውን በተበደሉት ላይ የሚመዘዝ የመብት ወረቀት አላደረገውም። ከዓመታት በኋላ ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በብራቂም ሲያልፍ፣ ከሳኦል ቤት ወገን የሆነው ሳሚ ከተራራው ጥግ እየሄደ ድንጋይ ወረወረበት፤ ትቢያም በተነበት፤ «የደም ሰው» እያለም ረገመው። ከዳዊት ጋር የነበረው አቢሳ ልሂድና ራሱን ልቁረጠው ሲል ዳዊት ከለከለው፤ ይርገም፣ እግዚአብሔር አዝዞት ይሆናል አለ። የሳሚ ክስ ስለ ሳኦል ቤት እንጂ ስለ ኦርዮ አልነበረም፤ ስለዚህ ዳዊት ብዙ ሊከራከርበት ይችል ነበር። ግን እጁ ከደም ያልጠራ ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ አለፈ። የእርስዎ እኅት ድንጋይ አልወረወረችም። ቡና አፍልታ፣ ሽማግሌዎችዎን አክብራ፣ በእግዚአብሔር ፊት ይቅርታ ተመኝታልዎታለች፤ ስለ ራሷ ደግሞ እውነቱን ተናግራለች። ሽማግሌ ፊት ተሸማቅቃ በከንፈሯ ይቅር ብላ በልቧ ከምትይዝብዎ ይህ እጅግ ይሻላል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ፤ ገንዘቡ። ስለ ሕመምዎ፣ ስለ ቀኖናዎ፣ ስለ ሽማግሌዎችዎ ጽፈዋል። ለእኅትዎና ለወንድምዎ የመለሱት ነገር ካለ ግን አልነገሩኝም። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 5 ሰው ሰውን ሲበድል ኃጢአቱን እንዲናዘዝ፣ የወሰደውንም በሙሉ እንዲመልስ፣ አምስተኛ እጅም ጨምሮ ለበደለው ሰው እንዲሰጥ ታዝዟል፤ በኦሪት ዘሌዋውያንም የበደል መሥዋዕቱ የሚቀርበው ከዚህ ጋር ነው። ዘኬዎስ ደግሞ ጌታ ቤቱ በገባበት ቀን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ቤቱ በተሸጠበት በቀድሞው ዋጋ ሲሶ ሲሶውን ቆጥሮ መስጠት ለወንድምና ለእኅትዎ ዛሬ ከሽሙጥ አይለይም፤ የዛሬውን ግምት ይያዙ። የሚችሉት በአንድ ጊዜ ካልሆነ በየጊዜው እንዲከፈል በጽሑፍ ያድርጉት። ለወንድምዎም ድርሻውን ያድርሱለት፤ ባይነጋገሩም ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ይደርሳል። ከንስሐ አባትዎም ጋር ይህን አንሥተው ይነጋገሩ፤ በንግግራችሁ መካከል ቤቱ የማን እንደ ነበረ በግልጽ ተነግሯቸው ከሆነ ይህን ሳያዝዝዎት የቀረ ካህን መኖሩ ያስገርመኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ገንዘቡን ሲልኩ «እንግዲህ ይቅር በይኝ» የሚል ቃል አይጨምሩበት፤ ከዚያ በኋላም ሽማግሌ በሽማግሌ ላይ እየላኩ ደጇን አያስጨንቁ። ይቅር ለእግዚአብሔር የሚለው ቃላችን በዳይ ሲለምንበት ያማረ ነው፤ በተበዳይ ላይ ሲጫን ግን ሌላ በደል ይሆናል። ገንዘቡ የእሷ ስለ ሆነ ነው የሚመለሰው። እሷ ይቅር ብትልዎ መልካም፤ ብትዘገይም ዕዳው ተከፍሏል፤ እርስዎም ቅጥርዎን ሲሠሩ ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ንጉሥ አክዓብም ማቅ ለብሶ ጾሞ፣ እግዚአብሔርም «አክዓብ በፊቴ እንደ ተዋረደ አየህን?» ብሎ መዓቱን እንዳዘገየለት ተጽፏል። ታዲያ ስለ ምን ሁልጊዜ በክፉ ይነሣል? ንስሐው አልተቆጠረለትም ማለት ነው?
ሰንበት ተማሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ ተቆጥሮለታል፤ ያስቆጠረለት ግን ያደረገውን ያህል ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ኤልያስ የተናገረውን ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፤ በማቅ ላይ ተኛ፤ ቀስ ብሎም ሄደ፤ መዓቱም በእርሱ ዘመን እንዳይመጣ ተደረገለት። በዚያ ምዕራፍም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕራፎች የማናገኘው፣ ስለ ወይን ቦታው የተገደለው የናቡቴ ርስት ወደ ቤተ ሰቡ መመለሱን ነው። አክዓብ ስለ ወይኑ አዘነ፣ ወይኑን ግን ያዘ። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ልጁ ኢዮራም በሠረገላ ወጥቶ፣ የተነሣበትን ኢዩን የሚገናኘው በዚያው በናቡቴ እርሻ ላይ ነው፤ ሬሳውም በዚያ ተጣለ። ከዓመታት በኋላ እርሻው በናቡቴ ስም ይጠራል፤ ያለው ግን አሁንም በንጉሡ ቤተ ሰብ እጅ ይመስላል። አክዓብ ከማቁም በኋላ ነቢዩ ሚክያስ የማይወደውን እውነት ስለ ነገረው ወኅኒ አስገብቶ የጭንቅ እንጀራና የጭንቅ ውኃ እንዲሰጡት አዝዟል። ንስሐው እውነተኛ አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ እግዚአብሔር ራሱ ዋጋ ሰጥቶታልና። ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ የቆየ ንስሐ ነበር ብል ግን ከጽሑፉ የራቅሁ አይመስለኝም። ከላይ ለሐዋሳው ጠያቂያችን የተሰጠውን መልስ ከዚህ ጋር አያይዘህ አንብበው።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የዕቁብ ጸሐፊ የነበረ የሥጋ ዘመዴ የሰው ገንዘብ ይዞ ጠፍቶ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀን፤ ከገንዘቡም እኩሌታውን ከፈለ። እኔ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ። አሁን ግን አዲስ ለጀመርነው ዕቁብ ጸሐፊ አድርጉኝ ይላል። እምቢ ስለው «እንግዲያው ይቅር አላልሽኝም» ብሎ ይወቅሰኛል። ሕሊናዬ ተረብሿል።
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅታችን፣ ሕሊናዎ አይረበሽ። ለዚህ የሚሆን ታሪክ እዚያው በነገሥታቱ ቤት አለ። ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው ሦስት ሺህ የተመረጡ ሰዎች ይዞ ሲያሳድደው፣ ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ አግኝቶት የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ተወው። ሳኦልም ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ከእኔ ይልቅ ጻድቅ ነህ አለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያስተውሉ፤ ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳዊትና ሰዎቹ ደግሞ ወደ ምሽጋቸው ወጡ። ጥንቃቄውም ተገቢ ነበር፤ ሳኦል እንደ ገና በዚፍ ምድረ በዳ ሊፈልገው ወጥቷልና። በዚያች ሌሊት ዳዊት በተኛው ንጉሥ ራስጌ ከነበረው ጦርና የውኃ ኮዳ በቀር ምንም አልነካም። ሳኦል ሲነቃ «በድያለሁ፤ ልጄ ዳዊት ሆይ፣ ተመለስ፤ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህም» ብሎ ለመነው። ዳዊት ከሩቅ፣ ከተራራው ራስ ላይ ቆሞ፣ የንጉሥ ጦር ይኸውና፣ ከብላቴኖቹ አንዱ መጥቶ ይውሰደው አለ። ጦሩን መለሰለት፤ ሊገድለው ሲችል ሁለት ጊዜ ማረው፤ ወደ ቤቱ ግን አብሮት አልገባም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጌት ንጉሥ ወደ አንኩስ ሄደ። ዳዊት ሳኦልን ይቅር አላለም የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ዘመድዎ የሚጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱን ሰጥተውታል፤ ሁለተኛውን የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። የሰው ገንዘብ ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ ዕቁብተኞች ያላመኑትን ሰው በእርስዎ ይቅርታ ምክንያት በገንዘባቸው ላይ ማስቀመጥ እነርሱን መበደል ነው። እንደ ማንኛውም አባል ዕጣውን እየጣለ ይግባ፤ መዝገቡንና ገንዘቡን ሌላ ሰው ይያዝ። ያልተከፈለውንም እኩሌታ መጠየቅ ቂም መያዝ አይደለም። መቼ እንደሚከፍል በጽሑፍ ተፈራረሙ፤ ባለዕዳነቱ ሰነድ ላይ ያልሰፈረ ከሆነም ይርጋ የሚባል የመክሰሻ ጊዜ ገደብ ስላለ ጊዜ ሳያልፍ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። «ይቅር አላልሽኝም» ሲልዎትም፣ ቀሪውን የሚከፍልበትን ቀን ይጠይቁት።